ሰውን በሰልፍ የሚያቆመው ሥዕል፦ ሂሳዊ አስተያየት

ስለ ሰው ዘር አመጣጥ በሚሰጠው ትምህርት ውስጥ ደጋግሞ የሚቀርብ አንድ ሥዕል አለ። በሰልፉ መጀመሪያ የጎበጠ ጦጣ መሰል ፍጡር፣ በመካከል ከፊል የተቃና፣ በመጨረሻም ቀጥ ብሎ የሚራመድ ሰው ይታያል። ምንጩ ሩዶልፍ ዛሊንገር «ኧርሊ ማን» ለተባለው የክላርክ ሃውል መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1965 የሣለው ባለ 15 ምስል ሥዕል ነው። መጽሐፉ በአራት እግር ይሄዱ የነበሩት ጭምር ለንጽጽር ሲባል ቆመው እንደ ተሣሉ ገልጾ ነበር። ሥዕሉን የቀዱት ግን ምስሉን ወስደው ማብራሪያውን ተዉት።

የሥዕሉ ጉድለት ሁለት ነው። አንደኛ፣ የጀርባ መቃናትና የአንጎል ማደግ እኩል የተጓዙ ያስመስላል። ማስረጃው ግን ይህን አይደግፍም። እ.ኤ.አ. በ1974 በሐዳር የተገኘችው የ3.2 ሚሊዮን ዓመቷ ድንቅነሽ በሁለት እግር ትሄድ እንደ ነበር የዳሌዋ ቅርጽና ወደ ጉልበት ሲወርድ ወደ ውስጥ የሚያዘነብለው የጭን አጥንቷ ይመሰክራሉ። የዝርያዋ አንጎል ግን የዛሬውን ሰው አንጎል አንድ ሦስተኛ ያህል ብቻ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1978 በታንዛኒያ፣ ላኤቶሊ በእሳተ ገሞራ አመድ ላይ ታትሞ የተገኘው የእግር ዱካም 3.6 ሚሊዮን ዓመት ግድም ያስቆጠረ ነው። እንግዲህ እግር ጭንቅላትን ቀድሟል።

ሁለተኛ፣ ቺምፓንዚን የሰልፉ መነሻ አድርጎ ማየት የዛሬውን ዘመድ ከጥንቱ ወላጅ ጋር ማደባለቅ ነው። ቺምፓንዚም እንደ ሰው ሁሉ ከጋራ ቅድመ አያት ተነሥቶ በራሱ መንገድ የተለወጠ ነው። በመካከለኛው አዋሽ የተገኘችው የ4.4 ሚሊዮን ዓመቷ አርዲ፣ አጥኚዎቿ እ.ኤ.አ. በ2009 እንዳስረዱት፣ ቅርንጫፍ የሚጨብጥ የእግር አውራ ጣት እያላት መሬት ላይ በሁለት እግር ትሄድ ነበር። እጇም እንደ ቺምፓንዚ በጣት አንጓ ተመርኩዞ የመሄድ ምልክት የለበትም። ለእንዲህ ያለች ፍጡር በሰልፉ ውስጥ ቦታ አይገኝላትም።

ተማሪው «ሰው ከጦጣ ከመጣ፣ ጦጣዎች ዛሬም ለምን አሉ?» ብሎ ሲጠይቅ፣ ጥያቄውን የወለደው ሥዕሉ ራሱ ነው፤ መምህሩም ሰልፉን ይዞ ሊመልስለት አይችልም። ስለዚህ የመማሪያ መጻሕፍት አዘጋጆች ሰልፉን በዛፍ መሰል የትውልድ ሐረግ ቢተኩት፣ ለመምህራን ማሠልጠኛዎችም የሰውና የቺምፓንዚ ዳሌ፣ ጭንና እግር ጎን ለጎን የሚታዩበት ሰሌዳ ቢዘጋጅ ይበጃል። ከሀገራችን ምድር የወጣ ማስረጃ ባለበት ትምህርት ቤት፣ ተማሪው ሥዕል ከሚሸመድድ አጥንቱን አስተያይቶ ፍርድ መስጠትን ቢለማመድ ይመረጣል።