ዶላር ቢያብር አንበሳ ያስር

ከጆሃንስበርግ ለእረፍት የመጣ አንድ የሰፈራችን ልጅ ሰሞኑን ማኪያቶ እየጠጣን ስልኩን አውጥቶ ፎቶ አሳየኝ። የሱቁ ደንበኛ የላከለት ነው። ፈረንጁ ጠመንጃውን አስደግፎ፣ ጥርሱን ገልፍጦ፣ ከአንድ ግዙፍ አንበሳ ጀርባ ተንበርክኳል። አንበሳው ደሙ ተጠርጎ፣ ጎፈሩ ተበጥሮ፣ የተኛ ይመስላል።

«ወንድ ነው!» አለኝ ልጁ።

«እንዴት አድርጎ ገደለው?» አልኩት።

«ምን እንዴት አለው? ከፍሎ ነዋ!»

ሳቅሁ። ቆይቶ ግን ነገሩ ከነከነኝ። በእኛ አገር ድሮ አንበሳ የገደለ ሰው ጎፈር ደፍቶ፣ «ዘራፍ!» ብሎ ሲፎክር፣ የት፣ በምን፣ ከማን ጋር ሆኖ እንደገደለ ይናገራል። ምስክርም ይጠራል። የአያቶቻችንን አደን ላወድስ አይደለም የተነሳሁት፤ እሱም አገሩን ከአውሬ አራቁቶታል። «እንዴት ገደልከው?» የሚለው ጥያቄያቸው ግን ደህና ጥያቄ ነበር። እስኪ በዚሁ ጥያቄ የአፍሪካን የአንበሳ አደን እንመርምረው።

ከማሳዮች እንጀምር። በኬንያና በታንዛኒያ ወጣት ጦረኞቻቸው ድሮ ጦርና ጋሻ ይዘው አንበሳውን ይከቡና ይወጉት ነበር። ቀድሞ የወጋው ስም ያወጣ ነበር። የተከበበ አንበሳ ግን ክቡን ሰብሮ ሲወጣ የሚያገኘውን ሰው ዘንጥሎ ነው። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ማለት ይኸው ነው፤ እዚህ ግን ድሩ የሰው ሥጋ ነው።

ፈረንጁም ቢሆን በአንድ ወቅት ነፍሱን አስይዞ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1898 ኬንያ ውስጥ ጻቮ በሚባል ቦታ ሁለት አንበሶች የባቡር ሐዲድ ሠራተኞችን እየበሉ አስቸገሩ። ኃላፊው ፓተርሰን ማማ ላይ ወጥቶ አንበሳውን ሲጠብቅ፣ አንበሳው ደግሞ በጨለማ እሱን እየዞረ ሲያደባ አመሸ። በመጨረሻ ሁለቱንም ገደላቸው። ቆዳቸውን ምንጣፍ አድርጎ ከቆየ በኋላ በ1924 ለቺካጎው ፊልድ ሙዚየም በ5 ሺህ ዶላር ሸጠው። ያም ሆኖ «እንዴት?» ለሚለው ጥያቄ መልስ ነበረው።

ቀጥሎ የማባበያ አደን አለ። የሜዳ አህያ ሥጋ ዛፍ ላይ ይታሰራል፤ ጠረን እንዳይደርስ ከነፋሱ በታች በሣር የተሸፈነ መደበቂያ ይሠራል፤ አዳኙ እዚያ ተቀምጦ ይጠብቃል። ነብር ሲሆን ደግሞ ወይ ሥጋ ሰቅሎ መጠበቅ፣ ወይ በውሻ አሯሩጦ ዛፍ ላይ ማስወጣት ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 ዚምባብዌ ውስጥ ሴሲል የተባለው አንበሳ የሞተው በዚህ ዘዴ ነበር። የኦክስፎርድ ተመራማሪዎች ማሰሪያ አንገቱ ላይ ነበረበት። ከሁዋንጌ ብሔራዊ ፓርክ ክልል ውጭ በዝሆን ሬሳ ተባብሎ፣ የአንድ አሜሪካዊ የጥርስ ሐኪም ቀስት አገኘው። ወዲያው አልሞተም፤ ቆስሎ አደረ፤ በማግስቱ ጨረሱት። ዓለም አለቀሰ። ሐኪሙ ግን ወረቀቱ የተሟላ ነው ተብሎ ክስ አልቀረበበትም።

ከዚህ ሁሉ የሚብሰው ግን የወዳጄ ፎቶ ነው። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ አንበሳ እንደ ዶሮ ይረባል። በበረት ያለው ወደ 8 ሺህ ይጠጋል፤ በአገሩ ዱር ካለው ከእጥፍ ይበልጣል። ደቦሉ ገና ሳይጠነክር ከእናቱ ይነጠላል። ቱሪስቱ «እናቱ የሞተችበት ነው» ተብሎ፣ ከፍሎ ጡጦ ያጠባዋል፣ ከፍሎ ፎቶ ይነሳል። ሲያድግ አዳኙ በፎቶ ይመርጠዋል፤ ዋጋው እንደ ጎፈሩ ነው። ከዚያ አጥር ውስጥ ይለቀቃል። ሰው ሲያይ ምግብ መጣልኝ ብሎ የለመደ አንበሳ ወዴት ይሮጣል? ከሞተ በኋላም ገበያው አያልቅም፤ በ2017 ብቻ 800 የአንበሳ አጽም ወደ ውጭ እንዲላክ ተፈቅዶ ነበር። መንግሥት በ2021 ይህን ርባታ ሊያስቆም መወሰኑን አስታወቀ፤ ፖሊሲውም በ2024 በካቢኔ ጸደቀ። መወሰንና ማስቆም ግን ለየቅል ናቸው።

አዳኞቹም መልስ አላቸው። «የእኛ ዶላር ባይገባ ያ ሁሉ ዱር ይታረስ ነበር» ይላሉ። ለሰፊው ዱር አደን ይህ ክርክር የሚናቅ አይደለም፤ ከብቱ የተበላበት አርብቶ አደር ከአንበሳው ካልተጠቀመ መርዝ ያነሳል። በ2015 መጨረሻ ማሳይ ማራ ውስጥ በቴሌቪዥን የታወቀው የአንበሶች መንጋ የተመረዘው እንዲህ ነው። መርዝ ደግሞ አንበሳ ብቻ አይመርጥም፤ ጥንብ አንሳውንም ይፈጃል። ለበረቱ አንበሳ ግን ክርክሩ አይሠራም፤ አጥር ውስጥ ምን ዱር ተጠበቀ?

ደስ ያለኝ ነገር ከዚያው ከማሳይ ምድር ነው። ከ2007 ጀምሮ አምቦሴሊ አካባቢ ድሮ አንበሳ የገደሉ ጦረኞች ሳይቀሩ ጠባቂ ሆነው ተቀጥረዋል። ዱካውን ይከተላሉ፣ ስም ያወጡለታል፣ «ዛሬ በዚህ በኩል ከብት አታሰማሩ» ብለው እረኛውን ያስጠነቅቃሉ። ጀግንነቱ አልጠፋም፤ በጦር ፈንታ ዱካ ማወቅ ሆነ። እነዚህ ሰዎች «እንዴት?» ቢባሉ ቀኑን ሙሉ ያወሩላችኋል።

ከኛስ ስንቱ ይመልሳል? በገዛው ዲግሪ ጋውን ለብሶ ፎቶ የሚነሳው፣ ምንጩ ባልታወቀ ገንዘብ ፎቅ የሚያቆመው፣ ሁሉም ከሞተ አንበሳ ጀርባ ተንበርክኳል። እኛም «ወንድ ነው!» ብለን እናልፋለን። ምስክር የሚጠራ የለም።

ይህንን ለልጁ ብነግረው «አንተ ደግሞ ነገር ታበዛለህ» ብሎ ሂሳቡን ከፈለ። እንግዲህ ማኪያቶውን ያደነው እሱ ነው ማለት ነው።