ከድድ በላይ የቀረው

«ንቀይልኝና ልገላገል» ይሉኛል፣ ወንበሩ ላይ ገና ሳይደላደሉ። ቅርንፉድ ነክሶ፣ ሌሊቱን ቁጭ ብሎ ያነጋ ሰው ፍርዱን ጨርሶ ነው የሚመጣው። አልፈርድበትም። ግን ያ የሚያስጮኸው ጥርስ ከጎኑ ካለው ዝምተኛ ተሽሎ ያገኘሁበት ጊዜ ብዙ ነው። ቀዝቃዛ ውሃ ሲነካው የሚያንዘፈዝፍ ጥርስ ነርቩ ገና በሕይወት አለ። እኔን የሚያሳስበኝ «አምና ክፉኛ አሞኝ ነበር፣ አሁን ትቶኛል» የሚለው ነው። ነርቩ ሲሞት ሕመሙ ይተዋል፤ በሽታው ግን በሥሩ ጫፍ ወጥቶ አጥንቱን ይበላል፤ ራጅ ላይ እንደ ጥቁር ጥላ ይታያል። ይህም ቢሆን ብቻውን ለመንቀል አያበቃም። ሥሩ በደንብ ተጠርጎ ሲታሸግ አጥንቱ ቀስ በቀስ ተመልሶ ሊሞላ ይችላል።

ታዲያ ምን አይቼ ነው የምወስነው? የተረፈውን። የተበላውን ቦርቡሬ፣ አሮጌ ሙሌት ካለም አውጥቼ፣ የላሸቀውን ሁሉ ጠርጌ ስጨርስ ከድድ በላይ ዙሪያውን 2 ሚሊ ሜትር ያህል ጤነኛ ግድግዳ ከቀረ፣ ጥርሱን እንደ ቆብ የሚሸፍነው ክራውን የሚጨብጠው አለው። ከዘራ ጫፉ እንዳይሰነጠቅ የብረት ቀለበት ይለብስ የለ? እንደዚያ ነው። ከድድ በታች ከወረደ ግን ቀለበቱን የምናጠልቅበት እንጨት የለም።

ስንጥቅ ሌላ ነገር ነው። ሚሊ ሜትር የተሰመረባትን ቀጭን መለኪያ በድዱ ዙሪያ ሳስገባ ሁሉም ጋ 2 እና 3 እያለች መጥታ አንድ ጠባብ ቦታ ላይ ድንገት 8 ከሰመጠች፣ ሥሩ ቁመቱን ሳይሰነጠቅ አልቀረም። እዚህ ላይ ብዙ አልከራከርም፤ ጉጠት አነሳለሁ።

ይህን ሁሉ እያወቅኩ ግን ተሳስቻለሁ። በረጅም መስመር የጭነት መኪና የሚነዳ ወጣት ነበር፤ የታመመው የታችኛው ትልቁ መንጋጋው ነው። ጥርሱን በስስ ጎማ ከምራቅ ለይቼ፣ በሥሩ ውስጥ ያሉትን የነርቭ ቦዮች እንደ መርፌ በቀጠኑ ሞረዶች ሞርጄ፣ ከበረኪና ጋር አንድ ዘር በሆነ ፈሳሽ (አዎ፣ ልብስ በምናነጣበት) ደጋግሜ አጠብኩ። ሦስት ቦይ ጠብቄ አራት አገኘሁ። በሦስት ቀጠሮ ጨርሼ ራጁን ሳየው እንዴት እንደኮራሁ! ክራውኑን «ከሚቀጥለው ጉዞ ስመለስ» አለኝ። ገንዘቡም አልሞላለትም ነበር። ከወራት በኋላ ተመልሶ መጣ፤ ክራውን ያልለበሰው ጥርሱ ቆሎ ሲቆረጥም ለሁለት ተከፍሏል። ከፍሎ ያዳነውን ጥርስ ደግሞ ከፍሎ አስነቀለ። ጥፋቱ የእኔ ነበር፤ ስለ ጥርሱ ጠይቄ ስለ መንገዱ አልጠየቅኩም። አሁን ማደንዘዣ ከመውጋቴ በፊት «መቼ ትመለሳለህ?» እላለሁ፤ የክራውኑንም ዋጋ ከሥር ሕክምናው ጋር ደምሬ በአንድ ላይ ነው የምናገረው።

ዕድሜም ፍርዱን ይገለብጠዋል። በ6 ዓመት ገደማ የሚበቅለውን የመጀመሪያ ትልቅ መንጋጋ ብዙ ወላጆች የወተት ጥርስ ይመስላቸዋል፤ «ይወልቅ የለ?» ይላሉ። አይወልቅም፤ ምትክም የለውም። ሆኖም የ9 ዓመት ልጅ መንጋጋ ክፉኛ ከተበላ አንዳንዴ መንቀሉ ይሻላል፤ ከኋላ ያለው ሁለተኛው መንጋጋ ገና ስላልወጣ ወደ ፊት ተጠግቶ ቦታውን ሊይዝለት ይችላል። በ30 ዓመት ያው ጥርስ ሲነቀል ግን ጎረቤቱ ወደ ክፍተቱ ይዘማል፣ ከላይ ያለውም አቻ አጥቶ ይወርዳል።

ባለፈው ክረምት አንዲት እናት ከልጃቸው ጋር መጡ። በግራ በኩል አንድም መንጋጋ የለም። በቀኝ ያለው የታመመው ነው፤ አንዱ ጎኑ ከድድ በላይ 1 ሚሊ ሜትር ቢኖረው ነው። በመጽሐፉ ቢሆን ይነቀላል።

«ይሄ ከሄደ በየት ላኝክ ልጄ?»

አልመለስኩም። ራጁን ደግሜ አየሁት፤ ሥሩ አልተሰነጠቀም፣ አጥንቱም ጨብጦታል። እንደማልተማመንበት፣ ሊሰበርም እንደሚችል፣ ገንዘቡም እንደማይመለስ ለሁለቱም ነገርኳቸው።

«ስንት ዓመት ይቆያል?» አለች ልጅቷ።

«አላውቅም።»

እናቲቱ ሳቁ። «እኔስ ብሆን መች አውቄው! ብቻ ያኝክልኝ።»

ማደንዘዣውን ሳብኩ።