ንጉሥ አንጋሽ ሆነው የተጻፉት አባ ኢየሱስ ሞዓ

ስለ ሐይቅ እስጢፋኖስ የሚጻፍ ነገር ሁሉ ከአባ ኢየሱስ ሞዓ ይጀምራል። በዚህ ጽሑፍ ግን የጻድቁን ቅድስና አንመረምርም፤ ይህ የእኛ ሥራ አይደለምና። የምንመረምረው ገድላቸው ስለ መንግሥት ሥራቸው የሚተርከውን ክፍል ነው። ገድሉ ኢየሱስ ሞዓን ንጉሥ የሚያነግሡ፥ ከንጉሥ ጋር ቃል ኪዳን የሚገቡ፥ ለገዳማቸው ርስትና ማዕርግ የሚያስገኙ ታላቅ የፖለቲካ ሰው አድርጎ ያቀርባቸዋል። እንዲህ ያለ ሰው በ13ኛው መቶ ዓመት በሐይቅ ደሴት በእርግጥ ነበረ ወይ? ወይስ ይህ መልክ በኋላ የተነሡ የሐይቅ አበው ከራሳቸው ሥልጣን ቀድተው የሣሉት ነው? (ዓመታቱን ሁሉ በፈረንጆች አቈጣጠር እንሰጣለን።)

ጥያቄው የመጻሕፍት ቤት ጨዋታ ብቻ አይምሰል። ከመካከላችን በሚሲዮን ትምህርት ቤት ያደግነው ገድልን እንደ ተረት ቈጥረን ማለፍን ለምደናል፤ ከቤተ ክህነት ትምህርት የመጡት ጓደኞቻችን ደግሞ በገድል ላይ ጥያቄ ማንሣትን እንደ ድፍረት ያዩታል። በዚህ ምክንያት ሁለታችንም መጽሐፉን ሳናነበው እንቀራለን። ገድል ግን በአገራችን የጸሎት መጽሐፍ ብቻ አልነበረም፤ የርስት ማስረጃም ነበረ። በ1975 የወጣው አዋጅ የገጠርን መሬት ሁሉ ከባለ ርስትና ከባለ ጉልት እስኪወስድ ድረስ፥ የአገሩ ሲሶ ለቤተ ክርስቲያን ይገባል የሚለው አነጋገር አንዱ መቆሚያው ይኩኖ አምላክ ገባ የሚባለው ቃል ኪዳን ነበረ። ስለዚህ ቃል ኪዳኑን ማን ተቀበለ ብሎ መጠየቅ ስለ እንጀራም መጠየቅ ነው።

የገድሉ ታሪክ ባጭሩ ይህ ነው። ኢየሱስ ሞዓ በዳህና ተወለዱ፤ ወደ ደብረ ዳሞ ሄደው በአባ ዮሐኒ ዘንድ መነኰሱ፤ በዚያም በመጽሐፍ ጸሐፊነት ታወቁ። በ1248 ገደማ ወደ ሐይቅ መጡ። በደሴቲቱ ላይ አስቀድሞ የእስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን ነበረ፤ ትውፊቱ ተከላውን እስከ ንጉሥ ድልነዓድ ዘመን ያደርሰዋል። እርሳቸው ግን ቦታውን የመነኰሳት ገዳምና ትምህርት ቤት አደረጉት። ከተማሩት መካከል ይኩኖ አምላክ ነበረ ይባላል፤ እርሱም በ1270 መንግሥቱን ከዛጔ ወሰደ። ገድሉ እንደሚለው ይህ የሆነው በመምህሩ ጸሎትና ትንቢት ነው፤ ንጉሡም በምላሹ ለገዳሙ ርስትና ክብር ሰጠ። አባ ኢየሱስ ሞዓ በ1290ዎቹ መጀመሪያ ዐረፉ፤ በዓላቸው ኅዳር 26 ቀን ይከበራል።

እዚህ ላይ አንባቢው ቆም ማለት አለበት። ይህንኑ ታሪክ የደብረ ሊባኖስ ወገኖችም ይተርኩታል፤ በእነርሱ ዘንድ ግን ንጉሡን ያነገሡት አቡነ ተክለ ሃይማኖት ናቸው። ብዕለ ነገሥት የተባለውም ጽሑፍ የሲሶውን ውል ለተክለ ሃይማኖት ይሰጣል። ተክለ ሃይማኖት ራሳቸው በሐይቅ የኢየሱስ ሞዓ ደቀ መዝሙር ስለ ነበሩ፥ ነገሩ የመምህርና የተማሪ ክርክር ይመስላል። እኛ እንደምናየው ግን የሚከራከሩት ሁለት ወንበሮች ናቸው። የደብረ ሊባኖሱ አበ ምኔት ዕጨጌ ተብሎ እየዋለ እያደረ የመነኰሳት ሁሉ አለቃ ሆነ፤ የሐይቁ ዐቃቤ ሰዓት ይባል ነበር። በኋላ የመጣ ትውፊት ሁለቱን ለማስማማት ሲል ከአንዱ ንጉሥ እጅ ለተክለ ሃይማኖት ዕጨጌነትን፥ ለኢየሱስ ሞዓ ዐቃቤ ሰዓትነትን ያሰጣል። እንዲህ ደኅና ሆኖ እኩል የተካፈለ ድርሻ ስናገኝ የሽማግሌዎች እጅ እንዳለበት መጠርጠር ይገባናል።

ታደሰ ታምራት በ1972 ስለ ቤተ ክርስቲያንና ስለ መንግሥት ባሳተሙት መጽሐፍ ከሁለቱ የሐይቁ ትውፊት ለእውነት እንደሚቀርብ አመልክተዋል። በዚህ እንስማማለን። ነገር ግን ከዚህ አንድ እርምጃ ማለፍ ያስፈልጋል፤ የሐይቁም ጽሑፍ ቢሆን በ1965 ስታኒስላስ ኩር ያሳተሙት ገድል ነው፤ ገድሉም የተጻፈው ጻድቁ ካረፉ ከ100 ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። በዚያን ጊዜ ደግሞ የሐይቅ አበ ምኔት የነበረው ሥልጣን በኢየሱስ ሞዓ ዘመን ከነበረው ጋር የሚወዳደር አልነበረም።

ዐቃቤ ሰዓት ማለት የሰዓት ጠባቂ ማለት ነው። ስሙ ትሑት ነው፤ ሥራው ግን ትሑት አልነበረም። ንጉሥ በመጋረጃ ተከልሎ በሚኖርበት አገር ማን መቼ እንደሚገባ የሚያውቅ ሰው፥ ሹመትና ምሕረት በእጁ ያልፋል። በ1400 ንጉሥ ዳዊት የኤዎስጣቴዎስን ወገኖች ስለ ቀዳሚት ሰንበት ባስጠራቸው ጊዜ፥ በእነርሱ ላይ ከቆሙት ዋናው የሐይቁ ዐቃቤ ሰዓት ሠረቀ ብርሃን ነበረ። በዘርዐ ያዕቆብ ዘመን (1434–1468) ዐቃቤ ሰዓት ዐምኀ ጽዮን ለንጉሡ እጅግ ቅርብ ከሆኑት ጥቂት ሰዎች አንዱ እንደ ነበረ ዜና መዋዕሉ ያስረዳል። በ1520 ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር የመጣው ቄስ አልቫሬዝም ይህን ባለ ማዕርግ በመንግሥቱ ሁለተኛ ሰው አድርጎ ይቈጥረዋል። ገዳም ሳይለቅ ቤተ መንግሥት የሚውል፥ ወይም ቤተ መንግሥት እየዋለ ገዳሜ የሚል ሰው ማለት ነው። (እንዲህ ያለ ሰው በሌላም አገር አይጠፋም፤ በፈረንሳይ ካርዲናል ሪሽሊዩ በ17ኛው መቶ ዓመት ምን እንደ ሠሩ ሁላችንም በታሪክ ክፍል ተምረናል።)

እንግዲህ የገድሉን ኢየሱስ ሞዓ ከነዚህ ሰዎች አጠገብ ብናቆማቸው ማንን ይመስላሉ? ከንጉሥ ፊት ቆመው የውል ቃል የሚያስገቡት፥ ርስቱንና ክብሩን የሚያስቈጥሩት አባት ከ13ኛው መቶ ዓመት መምህር ይልቅ የ15ኛውን መቶ ዓመት ዐቃቤ ሰዓት ይመስላሉ። ጸሐፊው ዋሸ አንልም። በዘመኑ ያየውን አለቃ ወደ መጀመሪያው አለቃ መልሶ አነበበ፤ የደብረ ሊባኖስም ኃይል እያደገ ሲሄድ፥ የእኛ ይቀድማል ለማለት ከዚህ የሚሻል ማስረጃ አልነበረውም። ያም ሆኖ ክርክሩን በመጨረሻ የረታው ገድል አይደለም። በ1531 የኢማም አሕመድ ጦር ሐይቅ ደርሶ የገዳሙን ሀብት ከወሰደ በኋላ፥ ሐይቅ ወደ ቀድሞ ኃይሉ አልተመለሰም፤ ዐቃቤ ሰዓትነትም በጎንደር ዘመን ከቤተ መንግሥት ማዕርጎች አንዱ ብቻ ሆነ።

ከገድሉ በፊት የነበረ ምስክር ግን አለ። ኢየሱስ ሞዓ ለሐይቅ እስጢፋኖስ የሰጡት አራቱ ወንጌል ነው፤ ዘመኑም 1280/81 ነው፤ የእርሳቸውም ሥዕል በውስጡ ይገኛል። ይኩኖ አምላክ ገና በዙፋን ሳለ፥ ሰውየውም በሕይወት ሳሉ የተዘጋጀ መጽሐፍ ነው። በዚህ መጽሐፍ የምናገኛቸው አባት መጽሐፍ ሰጭ ናቸው። በእኛ አስተያየት የፖለቲካ ሥራቸውም መፈለግ ያለበት ከዚሁ ነው።

የሐይቅን አቀማመጥ የሚያውቅ ሰው ነገሩ ይገባዋል። ባሕሩ ከላስታ ወደ ሸዋ በሚወስደው አገር መካከል ነው፤ ይኩኖ አምላክ የተነሣበት ቤተ ዐምሐራም ዛሬ ደቡብ ወሎ የምንለው አገር ነው። የነገሥታት ልጆች የተጠበቁባት የግሼን አምባም ከዚያው ከአምባሰል ናት። በዚህ ቦታ ዛጔን የሚያወርድ ሰው ጦር ብቻ አይበቃውም፤ ደብዳቤ የሚጽፍለት፥ ትውልዱን የሚቈጥርለት፥ በየአውራጃው ሄዶ ሕዝቡን የሚያስተምርለት የተማረ ሰው ያስፈልገዋል። በዚያ አገር እንዲህ ያለውን ሰው በብዛት ያወጣ የነበረው የሐይቅ ትምህርት ቤት ነው። ኢየሱስ ሞዓ አንድ ቀን እጃቸውን በይኩኖ አምላክ ራስ ላይ ጫኑም አልጫኑም፥ ከ20 ዓመት በላይ ተማሪ ሲያወጡ መቈየታቸው ከአንድ ቀን ቃል ኪዳን ይበልጣል።

በዚህ ላይ የሚነሣ መቃወሚያ አለ። የገዳሙ አባቶች ትውፊት ከአፍ ወደ አፍ የተላለፈ ነውና፥ ገድሉ ዘግይቶ ተጻፈ ማለት ነገሩ ዘግይቶ ተፈጠረ ማለት አይደለም ይሉናል። እውነት ነው። እኛም መምህሩና ንጉሡ ይተዋወቁ እንደ ነበረ አንክድም። የምንጠራጠረው ውሉን፥ ማዕርጉንና ድርሻውን ነው፤ ምክንያቱም ሦስቱም በኋለኛው ዘመን ሙግት የሚፈለጉ ነገሮች ነበሩ፤ ደግሞም ሁለቱ ተፎካካሪ ገዳማት አንዱን ቃል ኪዳን በሁለት አባቶች ስም ይዘውታል።

የገድሉ አንባቢዎች ሁሉ የሚያተኵሩት በንጉሡ ላይ ስለ ሆነ የሌሎቹ ደቀ መዛሙርት ጉዞ እንደ ትርፍ ነገር ይታያል። ተክለ ሃይማኖት ከሐይቅ ተነሥተው ደብረ ዳሞን አይተው ወደ ሸዋ ተመለሱ፤ ኂሩተ አምላክ ወደ ጣና ሄደው በዳጋ ደሴት ሌላ እስጢፋኖስ ተከሉ። በዚህ ርእስ ሊሠራ የሚፈልግ ተማሪ ቢኖር፥ የሐይቅን ልጆች ገድላት ሰብስቦ እያንዳንዳቸው በየት እንደ ተቀመጡ በካርታ ላይ ቢያሰፍር፥ ከዚያም የይኩኖ አምላክና የልጅ ልጁ የዐምደ ጽዮን ግዛት በየት በኩል እንደ ሰፋ ቢያስተያይ መልካም ነው።