መርፌው ከተሰጠ በኋላ

አናፊላክሲስን የሚመለከቱ መመሪያዎች አድሬናሊን እንዲሰጥ፣ ወዲያውኑም አምቡላንስ እንዲጠራ ያዛሉ። በምዕራቡ ዓለም ይህ ትእዛዝ በአብዛኛው የሚነገረው መርፌውን በኪሱ ይዞ ለሚዞር ሕመምተኛ ነው። በአቃቂ ቃሊቲ ጤና ጣቢያዎች ግን መርፌውን የሚሰጠው ነርሱ ወይም ጤና መኮንኑ ሲሆን፣ ሰውነትን ያስቆጣውም እዚያው የተወጋ ፔኒሲሊን ወይም ሴፍትሪያክሶን ሊሆን ይችላል። በመሆኑም የትእዛዙ ሁለተኛ ክፍል ባለሙያውን እንደማይመለከት አድርጎ የመውሰድ ዝንባሌ አለ። ሊነቀፍ የሚገባው ይህ ዝንባሌ ነው።

0.5 ሚሊ ግራም አድሬናሊን በጭኑ የውጭ ጎን ጡንቻ ውስጥ የተሰጠው አዋቂ ብዙውን ጊዜ በደቂቃዎች ውስጥ ይሻለዋል። ትንፋሹ ይከፈታል፣ ሽፍታው ይከስማል፤ ተነሥቶ ጫማውን ይፈልጋል። ባለሙያውም ሃይድሮኮርቲዞን ጨምሮ ያሰናብተዋል። ይሁን እንጂ የአድሬናሊን ኃይል አጭር ነው፤ ምልክቱ ከሰዓታት በኋላ፣ አልፎ አልፎም እስከ 72 ሰዓት ባለው ጊዜ፣ ዳግም ሊነሣ ይችላል። ሃይድሮኮርቲዞን ይህን ስለመከላከሉ አስተማማኝ ማስረጃ የለም፤ የብሪታንያ መመሪያም ከ2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በመደበኛነት እንዲሰጥ አይመክርም።

«አምቡላንስ ቶሎ አይደርስም» የሚለው መከራከሪያ ከእውነት የራቀ አይደለም። የቀይ መስቀል 907ም ሆነ የእሳትና ድንገተኛ አደጋ 939 ጥሪው ከደረሳቸው በኋላ በጭነት መኪና በተጨናነቀው የደብረ ዘይት መንገድ ማለፍ ሊኖርባቸው ይችላል። መዘግየቱ ግን ቀድሞ ለመደወል እንጂ ላለመደወል ምክንያት አይሆንም። ታካሚውን በባጃጅ ወደ ጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታል መላክ ፈጣን ይመስላል፤ ነገር ግን የደም ግፊቱ የወረደን ሰው ቀጥ አድርጎ ማስቀመጥ ራሱ ሊገድል ይችላል፤ በመንገድ ላይም ሁለተኛ መርፌ የሚሰጠው የለም።

አንዱ ባለሙያ አምፑሉን ሲሰብር ሌላው መደወል ይኖርበታል። ታካሚው በጀርባው ተጋድሞ እግሩ ከፍ ይበል፤ ትንፋሽ ካጠረው ቀና ማለት ይችላል፣ መቆምና መራመድ ግን የለበትም። ባለ 1 ሚሊ ግራም አምፑል ለአዋቂ ሁለት መጠን ይይዛል። ቀሪው ግማሽ ከሚጣል ተቀድቶ፣ ስሙ ተጽፎበት አጠገብ ይቀመጥ፤ ከ5 ደቂቃ በኋላ ለውጥ ከሌለ ይሰጣል።

በሪፈራል ወረቀት ላይ «አለርጂ» ብሎ ማለፍም ሌላው ጉድለት ነው። ተቀባዩ ሐኪም የሚፈልገው የመድኃኒቱን ስም፣ አድሬናሊን የተሰጠበትን ሰዓትና መጠኑን ነው። ያው የመድኃኒት ስም በታካሚው እጅ በሚቀር ካርድ ላይ በሚያነበው ቋንቋ፣ በአማርኛ ወይም በአፋን ኦሮሞ፣ ይጻፍለት፤ በሚቀጥለው ወር ጉሮሮውን አሞት ወደ ሌላ ክሊኒክ ሲሄድ ያው መድኃኒት እንደገና ሊታዘዝለት ይችላልና።