ቴትሪስ ለስደተኛ ይታዘዛልን?

በኤምሊ ሆምስ የሚመራው የተመራማሪዎች ቡድን እ.ኤ.አ. በ2009 ያሳተመው ጽሑፍ ፈገግ ሊያሰኝ ይችላል። አሰቃቂ ፊልም ያዩ ሰዎች ከግማሽ ሰዓት በኋላ ቴትሪስ ሲጫወቱ፣ በሳምንቱ ውስጥ ሳይጠሩት የሚመጣባቸው ምስል ቀነሰ። ማብራሪያው ግን ቀልድ አይደለም፤ ቅርጾችን በሐሳብ ማዟዟር፣ ምስሉ በአእምሮ እንዲቀረጽ የሚያስፈልገውን አቅም ይሻማል ተብሎ ይታመናል። እ.ኤ.አ. በ2017 በታተመው ጥናትም ኦክስፎርድ በሚገኝ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል 71 የመኪና አደጋ ተጎጂዎች በ6 ሰዓት ውስጥ ተሳትፈው፣ ጨዋታውን በተጫወቱት ላይ የምስሎቹ ቁጥር ከንጽጽሩ ቡድን በ62 በመቶ አንሶ ተገኘ።

ከዚህ ተነሥቶ «ስደተኛው ስልክ ይሰጠውና ይጫወት» ማለት ግን ጥናቱን አለማንበብ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው ሙከራ እንዳመለከተው፣ ፊልሙን ካዩ ከአንድ ቀን በኋላ ጨዋታው ብቻውን አልጠቀመም፤ ትውስታውን መቀስቀስም ብቻውን አልጠቀመም። የሠሩት ሁለቱ ሲጣመሩ ነው። ቁስሉን ነክቶ የሚመለስ የሠለጠነ ባለሙያ ግድ ይላል ማለት ነው።

ስደተኛ ወደ ክሊኒክ የሚደርሰው በ6 ሰዓት ሳይሆን በወራትና በዓመታት ነው። ያየውም አንድ ፊልም ወይም አንድ ግጭት አይደለም፤ በረሃው፣ እስር ቤቱ፣ ጀልባው አለ። የትኛው ምስል ይመረጥ? የጥገኝነት ውሳኔ የሚጠብቅ ሰው ፍርሃትስ ትውስታ ብቻ ነውን? ምስልን መቁጠር ይህን አይለካም።

ሆኖም አንድ ብልጫ አለው፤ ታካሚው ታሪኩን እንዲዘረዝር አይገደድም፣ ምስሉን በጥቂት ቃላት መጠቆም ይበቃዋል። አስተርጓሚው የታካሚው የአገር ልጅ በሆነበት ክፍል ውስጥ የተቀመጠ ባለሙያ የዚህን ዋጋ ያውቃል።