ዶቃው ትልቅ ሲሆን ጠባሳው ይቀራል?

ሰውነታችን ባዕድ ነገር ሲገባበት ዝም ብሎ አያይም። ማክሮፌጅ የሚባሉት የበሽታ ተከላካይ ሕዋሳት መጥተው ይከቡታል። ውጠው ማጥፋት ካቃታቸው ሌሎች ሕዋሳትን ይጠራሉ፤ እነዚያ ደግሞ ኮላጅን እያመረቱ በጠባሳ ያጥሩታል። ለእሾህ ጥሩ ዘዴ ነው። የገባው ነገር ኢንሱሊን የሚያመነጩ የቆሽት ሕዋሳትን የያዘ ዶቃ ከሆነ ግን ጠባሳው ኦክስጅንና ምግብ ይከለክላቸዋል፤ ሕዋሳቱም ይሞታሉ።

በ2015 ኔቸር ማቴሪያልስ ላይ የወጣው የኦሚድ ቬይሴና የባልደረቦቹ ጥናት ያልተጠበቀ መልስ ሰጠ፦ የዶቃውን መጠን ቀይሩ! 1.5 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ የሆኑ ዶቃዎች ከትንንሾቹ በጣም ያነሰ ጠባሳ ለበሱ። በጄል፣ በሴራሚክ፣ በብረትና በፕላስቲክ ሲሞከር ውጤቱ ያው ነው። የስኳር በሽታ ባለባቸው አይጦች ውስጥ ትልልቆቹ ዶቃዎች ስኳሩን እስከ 180 ቀን ተቆጣጠሩ፤ ከ0.5 ሚሊ ሜትሮቹ ከ5 እጥፍ በላይ ማለት ነው።

የጥናቱ ትልቁ ጥንካሬ ይሄ ነው፦ አዲስ ኬሚካል ሳይፈልግ፣ በተለያየ ቁስ ላይ ያንኑ ውጤት ማሳየቱ። ቅሬታዬ መደምደሚያው ላይ ነው። መጠንን በማስተካከል ብቻ ብዙ ማሻሻል ይቻላል ይለናል። ይቺ «ብቻ» ናት የምትከነክነኝ።

እስቲ እናስላው። ዲያሜትሩ ከ0.5 ወደ 1.5 ሲያድግ የዶቃው ይዘት 27 እጥፍ ይሆናል፤ ኦክስጅን የሚገባበት ገጽ ግን 9 እጥፍ ብቻ። ከጠርዝ እስከ መሃል ያለው ርቀትም ከ0.25 ወደ 0.75 ሚሊ ሜትር ይረዝማል። ስለዚህ ከጠባሳ ያመለጠ ሕዋስ መሃል ላይ ታፍኖ ሊሞት ይችላል። መሐንዲስ አንዱን ችግር ሲፈታ ሌላውን እንደጨመረ መናገር አለበት።

ደግሞስ ማክሮፌጆቹ ትልቁን ዶቃ ለምን ይተዉታል? ጥናቱ ልዩነቱን በደንብ አሳየ፤ ምክንያቱን ግን አልቋጨውም። ምክንያቱ ካልታወቀ ደግሞ አይጥ ላይ የሠራው ሰው ላይ ይሠራል ብሎ መተማመን ይከብዳል። ከዚሁ የምርምር መስመር የወጣው ሲጅሎን የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ2021 ይህን በተግባር አየው፦ ለሂሞፊሊያ ሕክምና ከተሞከሩት ዶቃዎች አንድ ታካሚ ውስጥ የነበሩት ጠባሳ ለብሰው ተገኙ። በሽታውም ሕዋሱም ሌላ ነው፤ ማስጠንቀቂያነቱ ግን አይቀርም።

በየቀኑ መርፌ የሚወጋ ሰው ይህን ዜና በጉጉት ነው የሚያነበው። እናንተም ጥናቱን አንብቡት፣ ይጠቅማል። «ብቻ» የምትለዋን ግን ሰርዛችሁ።