ቁጥሩና ቃሉ ሲጣሉ

የስደት ፖሊሲ ጥናት እጄ ሲገባ መጀመሪያ የምፈልገው ቁጥሩና ቃለ መጠይቁ ያልተስማሙበትን ቦታ ነው። ካጣሁት እጠረጥራለሁ። «ቅይጥ ዘዴ ተጠቅመናል» ብለው ሰንጠረዥ ከደረደሩ በኋላ ከሥሩ ከቤይሩት የተመለሰች ሴት ምሬት የሚለጥፉ ሪፖርቶች ሞልተዋል። ንግግሯን አውጥታችሁ አንብቡት፤ ድምዳሜው ካልተነቃነቀ የገባው ለጌጥ ነው።

ሥራውን በወጉ ከሠሩት ተመራማሪዎቹ ዳግላስ ማሲና ሆርጌ ዱራንድ ይጠቀሳሉ። እ.ኤ.አ. በ1982 በሜክሲኮ መንደሮች በጀመሩት ጥናት ጠያቂው ከወረቀት አያነብም፤ ያወጋል። መልሱን ግን ለሁሉም አንድ በሆነ ሰንጠረዥ ይሞላል፤ የአባወራውን የኑሮ ታሪክ ዓመት በዓመት እየተከተለ። የዚያው መንደር ልጆች ድንበር ተሻግረው የሰፈሩበት ድረስም ሄደው ጠይቀዋል። ውጤቱ ዋሽንግተን ካሰበችው ተቃራኒ ሆነ፤ የድንበር ጥበቃው ሲጠብቅ፣ ሠርቶ አገሩ ይመለስ የነበረው ሰው መሻገሩ ውድና አደገኛ ስለሆነበት እዚያው ቀረ። ድንበር ላይ የተያዙትን ብቻ የሚቆጥር ይህን ከየት ያገኘዋል?

የእኛም ጉዳይ ጥሩ መፈተኛ ነው። መንግሥት በ2006 ዓ.ም. መጀመሪያ ወደ ዓረብ አገራት ለሥራ መሄድን አገደ፤ እገዳው የተነሳው በ2010 ነው። የመንግሥትን መዝገብ ብቻ የያዘ ተመራማሪ «ስደቱ ቆመ» ሊል ይችላል፤ በጅቡቲዋ ኦቦክ በኩል ወደ የመን የሚሻገረው ግን መዝገቡ ላይ የለም። ዓለም አቀፉ የፍልሰት ድርጅት በጉዞ መስመሮች ላይ የሚያካሂደው ቆጠራም የሚቆጥረው እንቅስቃሴን ነው፤ ተይዞ ተመልሶ ዳግም የተሻገረ ሁለቴ ሊቆጠር ይችላል። ይህን ለማጥራት ከተጓዦቹ ጋር ቁጭ ብሎ ማውራት ግድ ይላል።

ቃለ መጠይቅ ወዳዶችም አይመኩ። ከሳዑዲ የተባረሩትን አዲስ አበባ ላይ ማነጋገር ይቀላል፤ ጅዳ ሆና በየወሩ ብር የምትልከው ግን ናሙናው ውስጥ የለችም። (የቀበሌ ሹም አጠገብ ቆሞ እየሰማ የተሰጠ መልስ ደግሞ እኔ ከመልስ አልቆጥረውም።)

ከዚያ የጥናቱን መጠይቅ የያዘውን አባሪ እገልጣለሁ። ወጉ ከቅጹ ቀድሞ ከሆነ ያስታውቃል፤ ቢሮ ተቀምጦ የማይታሰብ ጥያቄ ይገኝበታል፦ ለመንገዱ የተሸጠው በሬ ነው ወይስ የተከራየው መሬት? ብድሩስ የማን ነው?